የባለ ዕዳው ቃልና የባለ ገንዘቡ መዝገብ

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)

ለዛሬ የመረጥነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የባንክ ሹሞችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተው፥ ቤት ገዝቶ ልጆቹን በራሱ ጣራ ሥር ለማሳደግ የሚያስበውን ሰው ሁሉ የሚነካ ነው። ከዚህ ቀደም ዕዳውን በቀጠሮው ሳይከፍል የቀረ ሰው፥ ቤቱን ራሱን መያዣ አድርጎ ለቤት መግዣ ገንዘብ ለመበደር ባመለከተ ጊዜ፥ አበዳሪው «ያን ጊዜ ስለ ምን ሳትከፍል ቀረህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በአሜሪካ አገር ለዚህ ጥያቄ በጽሕፈት የሚሰጠው መልስ «የማብራሪያ ደብዳቤ» ይባላል። ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ገጽ የማያልፍ አጭር ወረቀት ሲሆን፥ የአንድ ቤተ ሰብ ተስፋ ግን በእርሱ ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ።

ይህ ጥያቄና ይህ መልስ ከየት መጣ? ባለ ገንዘብ ስለ ባለ ዕዳ መዝገብ መያዝ የጀመረው መቼ ነው? ባለ ዕዳውስ በዚያ መዝገብ ላይ የራሱን ቃል ለማስገባት መብት ያገኘው እንዴት ነው? የዛሬው ንግግራችን ይህን ታሪክ ባጭሩ ለማስረዳት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

ገንዘብ ማበደር በመተማመን ላይ የቆመ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። በአገራችን በቆየው ልማድ አበዳሪው ተበዳሪውን በመልክም በጠባይም ያውቀዋል፤ ባያውቀውም «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ዋሱ የሚቆመው ባለ ዕዳው የካደ እንደ ሆነ ገንዘቡን ለመክፈል ብቻ አይደለም፤ የሰውዬው ጠባይ ምስክር በመሆንም ጭምር ነው። ዝናብ ቀርቶ አዝመራው የደረቀበት ወይም የእርሻ በሬው የሞተበት ገበሬ ዕዳውን በቀጠሮው ሳይከፍል ቢቀር፥ ምክንያቱን አበዳሪውም ጎረቤቱም በዓይናቸው አይተውታልና በወረቀት ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቀጠሮውን ያራዝሙለታል። ይህን ስንል የቀድሞው አበዳሪ ሁሉ ርኅሩኅ ነበር ማለታችን አይደለም፤ አራጣ እየበላ ችግረኛውን የሚያራቁት ባለ ገንዘብ በየአገሩ ነበረ። ነገር ግን ክፉም ቢሆን ደግ፥ አበዳሪው የሚፈርደው በሚያውቀው ሰው ላይ ነበር።

በአሜሪካም ቢሆን ለተራው ሠራተኛ የሚሰጥ የቤት ብድር የተጀመረው በዚሁ ዓይነት በጎረቤታሞች መካከል ነው። በ1831 ዓ.ም. መጀመሪያ በፊላዴልፊያ አጠገብ በምትገኘው በፍራንክፎርድ የሚኖሩ ሰዎች ኦክስፎርድ ፕሮቪደንት የተባለ የቤት መሥሪያ ማኅበር አቋቋሙ። አባሎቹ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ፥ የተጠራቀመውን ቤት ለሚገዛ አባል ያበድሩ ነበር፤ አሠራሩ ከእኛ እቁብ ጋር የሚቀራረብ ነው። ከማኅበሩ በመጀመሪያ የተበደረው ኮምሊ ሪች የተባለ ማበጠሪያ ሠሪ ሲሆን፥ የወሰደውም 375 ዶላር ነበር። ይህ የመጀመሪያው ተበዳሪ ክፍያው ስለ ከበደው ሌላ አባል ብድሩን እንዲረከበው ተደረገ። እንግዲህ በዚያ አገር የቤት ብድር ታሪክና የተበዳሪ ችግር ታሪክ ባንድነት ተወለዱ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም ማኅበሩ የሚተዋወቁ ሰዎች ማኅበር ስለ ነበረ፥ ነገሩ በአባሎቹ መካከል አለቀ።

ከተሞች እየሰፉ፥ ንግድም በመርከብና በባቡር ከአገር ወደ አገር እየተዛመተ በሄደ ጊዜ ግን፥ አበዳሪው ተበዳሪውን ማወቁ ቀረ። በኒው ዮርክ የተቀመጠ የጅምላ ነጋዴ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር ባለ ሱቅ ዕቃ በዱቤ ሲሰጥ፥ የሰውዬውን ጠባይ የሚነግረው አልነበረም። በ1837 ዓ.ም. በአሜሪካ ከባድ የገንዘብ ቀውስ በደረሰ ጊዜ፥ በዱቤ የተሰጠው ዕቃ ዋጋ ሳይመለስ ቀርቶ ብዙ የንግድ ቤቶች ወደቁ። ከወደቁትም አንዱ በኒው ዮርክ የሐር ጨርቅ ይነግዱ የነበሩት የታፓን ወንድማማቾች ድርጅት ነበር።

ከወንድማማቾቹ አንዱ የሆነው ሉዊስ ታፓን የባርያ ንግድን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር። አሚስታድ በተባለችው መርከብ ላይ የነበሩት አፍሪካውያን በአሜሪካ ፍርድ ቤት ነጻነታቸውን ባገኙ ጊዜ፥ ለእነርሱ ገንዘብ እያሰባሰበና ጠበቃ እያቆመ ከደከሙት ሰዎች ዋነኛው እርሱ ነው። በዚያው በ1841 ዓ.ም. ከደረሰበት ኪሣራ ትምህርት ወስዶ መርካንታይል ኤጀንሲ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። የድርጅቱ ሥራ በየከተማው ወኪሎች አድርጎ፥ እገሌ የተባለ ነጋዴ ዕዳ ከፋይ ነው ወይስ አይደለም እያለ መረጃ መሰብሰብና ለአበዳሪዎች መሸጥ ነበር። ከወኪሎቹ የሚበዙት ጠበቆች ሲሆኑ፥ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው አብርሃም ሊንከን ከእነርሱ አንዱ ነበር። የድርጅቱ መዝገቦች ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ቍጥራቸውም ከ2,500 ጥራዝ በላይ ነው።

በእነዚህ መዝገቦች ላይ የሚጻፈው ስለ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሰውዬው መጠጥ ያበዛል ወይስ አያበዛም፥ በትዳሩ ረጋ ያለ ነው ወይስ አይደለም፥ በአገሩ ሰው ዘንድ ያለው ስም እንዴት ነው የሚለው ሁሉ ይጻፍ ነበር። በእርግጥ ይህ ሥራ ለንግድ ያስገኘው ጥቅም ከፍ ያለ ነው፤ ተማምነው የማያውቁ ሰዎች በሩቅ ሆነው እንዲገበያዩ አስችሏልና። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ይኸውም የሚጻፍበት ሰው የተጻፈበትን አያይም፤ ቢያይም ለማረም መብት የለውም። መዝገቡ «እገሌ ዕዳውን አልከፈለም» ይላል፤ መጋዘኑ ስለ ተቃጠለበት ይሁን ወይም ገንዘቡን በቁማር ስለ ጨረሰው፥ ብዙ ጊዜ የተለየ ነገር አይናገርም። ዋስና ሽማግሌ በነበሩበት ዘመን ለባለ ዕዳው ይናገርለት የነበረው አንደበት በዚህ አኳኋን ጠፋ።

ከነጋዴዎች ቀጥሎ መዝገቡ ወደ ተራው ሰው መጣ። በ1899 ዓ.ም. በአትላንታ ከተማ ካቶርና ጋይ ዉልፎርድ የተባሉ ወንድማማቾች ሪቴይል ክሬዲት ካምፓኒ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። መጀመሪያ የከተማው ባለ ሱቆች የትኛው ደንበኛ በጊዜው እንደሚከፍል እንዲያውቁ ዝርዝር እያዘጋጀ ይሸጥ ነበር። ይህ ድርጅት በ1975 ዓ.ም. ስሙን ለውጦ ኤኩዊፋክስ ተባለ፤ ዛሬ በአሜሪካ የሕዝቡን የብድር ታሪክ ከሚይዙት ሦስት ታላላቅ ድርጅቶች አንዱ እርሱ ነው።

ችግር የደረሰበት ባለ ዕዳ ቃሉ በሰፊው የተሰማበት ዘመን በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። ከ1929 ዓ.ም. በፊት በአሜሪካ የነበረው የቤት ብድር ጊዜው አጭር ነበር፤ በሦስት ወይም በአምስት ዓመት የሚያልቅ፥ በመጨረሻውም ዋናው ገንዘብ ባንድ ጊዜ የሚከፈልበት ውል ይበዛ ነበር። የኢኮኖሚው ውድቀት በደረሰ ጊዜ ሥራውን ያጣ ሰው ይህን ሊከፍል አልቻለም። በ1933 ዓ.ም. በየቀኑ አንድ ሺህ ያህል ቤቶች ከባለቤቶቻቸው እጅ እየወጡ ለአበዳሪዎች ይተላለፉ ነበር። ያን ጊዜ «ስለ ምን አልከፈልህም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ ሰነፍና ትጉህ፥ አባካኝና ቆጣቢ ሳይለይ ሕዝብ በጅምላ ተጐድቷልና።

ስለዚህ በሰኔ ወር 1933 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን የተባለ የመንግሥት ድርጅት ተቋቋመ። ሥራውም ሊወረስ የደረሰውን ቤት ዕዳ ከአበዳሪው ተቀብሎ፥ ለባለቤቱ በ15 ዓመት ውስጥ በትንሽ በትንሹ የሚከፈል አዲስ ብድር መስጠት ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሚልዮን ያህል ቤቶች በዚህ ተረዱ። ክፍያው እንደ ገና የዘገየበትን ሰው የድርጅቱ ሠራተኞች ቤቱ ድረስ ሄደው ምክንያቱን ይጠይቁ፥ ወጪውን እንዴት እንደሚያስተካክል ይመክሩ፥ ጊዜም ይሰጡ ነበር። ይህም ሁሉ ተደርጎ ከተረዱት ቤቶች ሁለት መቶ ሺህ ያህሉ ኋላ ከባለቤቶቻቸው እጅ ወጥተዋል። የሚበዙት ግን ቤታቸውን አዳኑ፤ ድርጅቱም በ1951 ዓ.ም. ሥራውን ሲዘጋ ሒሳቡ ያለ ኪሣራ ተዘጋ። ችግሩ ከአቅሙ በላይ የሆነበትን ሰው መስማት የዋህነት ብቻ እንዳልሆነ፥ ይልቁንም የአበዳሪውን ገንዘብ ከጥፋት ማዳኛ መንገድ እንደ ሆነ ይህ ሥራ ጥሩ ምስክር ነው።

ታሪኩን ሳናዳላ ለመናገር ግን በዚሁ ዘመን ቃላቸው ከቶ ያልተሰማላቸው ሰዎች እንደ ነበሩ መግለጽ ይገባናል። ይኸው ኮርፖሬሽን ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ከ200 በላይ የሆኑ ከተሞችን ካርታ አስነሥቶ፥ ለብድር አደገኛ ናቸው የተባሉትን ሰፈሮች በቀይ ቀለም አስቀባ። ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በአብዛኛው ከቀዩ ቀለም ውስጥ ገቡ። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደርም ለቤት ብድር ዋስትና በሚሰጥበት ደንብ ላይ የሰፈሩን ነዋሪዎች ዘር እንደ አንድ የአደጋ ምልክት ይቈጥረው ነበር። እንግዲህ አንድ ጥቁር ሠራተኛ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ሳንቲም ሳያስቀር የከፈለ ቢሆንም፥ የሚኖርበት ሰፈር በቀይ ከተቀባ ምንም ማብራሪያ አያድነውም ነበር። የሚፈረድበት በሠራው ሥራ ሳይሆን በተወለደበት ዘር ሆነና፥ ማስረዳትም ትርጉም አጣ። ዘርን ምክንያት አድርጎ ቤትና የቤት ብድር መከልከል በሕግ የተከለከለው በ1968 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት የባለ ዕዳው ቃል በሕግ ወደ መዝገቡ ተመለሰ። በ1970 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ብድር መዝገብ ትክክለኛነት ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ማንኛውም ሰው በመዝገብ ላይ ስለ እርሱ የተጻፈውን ለማወቅ ይችላል፤ ስሕተት ነው የሚለውን እንዲመረመርለት ይጠይቃል፤ ምርመራው ክርክሩን ያልፈታው እንደ ሆነም የራሱን ቃል በአጭሩ ጽፎ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝለት ያደርጋል። መዝገብ ያዡ ድርጅት ይህን ቃል በ100 ቃላት ሊወስነው ይችላል። መቶ ቃል ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ከ1841 ዓ.ም. ጀምሮ አንድም ቃል ላልነበረው ሰው መቶ ቃል ብዙ ነው። እንዲሁም አብዛኛው ክፉ መረጃ ከ7 ዓመት በኋላ፥ የኪሣራ ፍርድ ደግሞ ከ10 ዓመት በኋላ ከመዝገቡ እንዲወጣ ታዘዘ። የኪሣራው ጊዜ መጀመሪያ 14 ዓመት ነበር፤ ወደ 10 ዓመት ዝቅ ያለው በ1978 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ነው። ሰው እስከ ዕድሜ ልኩ በጥንት ስሕተቱ ሊከሰስ አይገባም የሚለው አሳብ በዚህ አኳኋን ሕግ ሆነ።

በ1974 ዓ.ም. የወጣው የብድር እኩልነት ሕግ ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ አለፈ። ይህ ሕግ መጀመሪያ አበዳሪ ሴት በመሆንና በጋብቻ ምክንያት ልዩነት እንዳያደርግ ከለከለ፤ በ1976 ዓ.ም. ተሻሽሎ ዘርን፥ ሃይማኖትን፥ የትውልድ አገርንና ዕድሜን ጨመረ። አበዳሪው ማመልከቻውን ያልተቀበለ እንደ ሆነ ምክንያቱን ለይቶ እንዲነግር ያዛል። ለማስፈጸሚያ የወጣው ደንብም፥ አመልካቹ የብድር ታሪኩ የመክፈል ችሎታውን በትክክል እንደማያሳይ የሚያስረዳ ነገር ሲያቀርብና እንዲታይለት ሲጠይቅ፥ የብድር ታሪክን የሚመለከት አበዳሪ ያን ማስረጃ አብሮ መመልከት አለበት ይላል። አበዳሪው ያቀረቡለትን ምክንያት የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ የመመልከት ግዴታ ግን አለበት። በእኛ አስተያየት ይህ አንቀጽ የማብራሪያ ደብዳቤ የሕግ መሠረት ተብሎ ሊቈጠር ይገባዋል።

ሕጉ ሰውን ወደ መናገር ሲመልስ፥ ሒሳብ ደግሞ በሌላ በኩል ሰውን ወደ ቍጥር ይለውጠው ጀመር። በ1956 ዓ.ም. ቢል ፌር የተባለ መሐንዲስና ኧርል አይዛክ የተባለ የሒሳብ ሊቅ አንድ ኩባንያ አቋቁመው፥ የተበዳሪን የወደፊት ሁኔታ ካለፈው ታሪኩ በሒሳብ ለመገመት ጣሩ። በ1989 ዓ.ም. ለሁሉም አበዳሪ የሚያገለግለው የብድር ነጥብ ወጣ፤ ከ300 ጀምሮ እስከ 850 ይደርሳል። በ1995 ዓ.ም. የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዙት ሁለቱ ታላላቅ ድርጅቶች፥ ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ፥ በዚህ ነጥብ መጠቀምን ተቀበሉ። የቍጥሩ ጥቅም ለፊት አለማድላቱ ነው፤ ለስም፥ ለመልክና ለወዳጅነት ቦታ አይሰጥም። ጉድለቱ ግን የቀድሞው መዝገብ ጉድለት ነው። ቍጥር የሆነውን ይናገራል፤ የሆነበትን ምክንያት አይናገርም። መዝገቡ ራሱ የተሳሳተ እንደ ሆነም ቍጥሩ ከስሕተቱ ጋር አብሮ ይሳሳታል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፥ ከመቶ ሰዎች አምስቱ በመዝገባቸው ላይ ብድር ሊያስወድድባቸው የሚችል ስሕተት ተገኝቶባቸዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ዘመን ደግሞ መጠየቅ ራሱ የቀረበት ዘመን ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ብዙ አበዳሪዎች ብድሩን ወዲያው ለሌላ ስለሚሸጡት፥ ተበዳሪው ቢከፍል ባይከፍል ግድ የላቸውም ነበር። ገቢውን ያለ ማስረጃ በቃሉ ብቻ ለሚናገር ሰው ብድር ይሰጥ ነበር፤ «ስለ ምን አልከፈልህም?» የሚል ሰውም እየጠፋ ሄደ። ይህ ለድኻው ቸርነት መስሎ ነበር። በ2007ና በ2008 ዓ.ም. የቤት ዋጋ ወድቆ ብድሩ መከፈል ባቃተው ጊዜ ግን፥ ታላላቅ ባንኮች ከሠሩ፥ በሚልዮን የሚቈጠሩ ቤተ ሰቦችም ቤታቸውን አጡ። ሳይጠይቁ መከልከል በደል እንደ ነበረ ሁሉ፥ ሳይጠይቁ መስጠትም ሌላ በደል መሆኑ በዚህ ታወቀ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ሕግና በጥር ወር 2014 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ደንብ አበዳሪው የተበዳሪውን የመክፈል ችሎታ በማስረጃ ሳይመረምር የቤት ብድር እንዳይሰጥ አዘዘ። ስለዚህ ጥያቄው ተመለሰ፤ ከጥያቄውም ጋር ደብዳቤው።

አሁን ወደ ደብዳቤው ራሱ እንመለስ። አንዳንድ ሰው የማብራሪያ ደብዳቤ ሲጠየቅ እንደ ተዋረደ ይቈጥረዋል። ይህ አስተያየት ትክክል አይደለም። ማመልከቻውን የሚመረምረው ሹም ሊከለክለው የፈለገ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ሳይጠይቅ በከለከለው ነበር። ሹሙ የሚያበድረው የሌላ ሰው ገንዘብ ነውና፥ ኋላ ሲጠየቅ የሚያሳየው በቂ ምክንያት በፋይሉ ውስጥ እንዲገኝ ይፈልጋል። ስለዚህ የደብዳቤው ጸሓፊ አበዳሪውን እንደ ከሳሽ ሳይሆን፥ ለአለቆቹ መልስ እንደሚሰጥ ሰው አድርጎ ሊመለከተው ይገባል።

ምሳሌ እንስጥ። አንዱ አመልካች «ብዙ ችግር ስለ ደረሰብኝ ነው፤ እባካችሁ እዘኑልኝ፤ ሁለተኛ አይለመደኝም» ብሎ ይጽፋል። ይህ ልብ ይነካ ይሆናል፤ ለሹሙ ግን የሚረዳው ነገር የለም። ሌላው አመልካች ደግሞ «በመጋቢት ወር ከሥራ ተቀነስሁ፤ የመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ከዚህ ጋር ተያይዟል። እስከ ነሐሴ ድረስ ሥራ ስላላገኘሁ የመኪናዬን ዕዳ አራት ወር አሳለፍሁ። በመስከረም ሥራ ገባሁ፤ የደመወዜ ማስረጃ ተያይዟል። ውዝፉን እስከ ታኅሣሥ ከፍዬ ጨረስሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘገየሁም፤ የሦስት ወር ወጪዬን የሚሸፍን ገንዘብም አጠራቅሜአለሁ» ብሎ ይጽፋል። በዚህ በሁለተኛው ውስጥ አራት ነገሮች ይገኛሉ፤ መቼ እንደ ሆነ፥ ስለ ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት እንዳበቃ፥ ደግሞ እንዳይደርስ ምን እንደ ተደረገ። ለእያንዳንዱም ወረቀት አለው። ከዚህ የበለጠ ርዝመት አያስፈልግም።

ምክንያቱም ሁሉ እኩል አይቈጠርም። በፋኒ ሜይ ደንብ መሠረት፥ በአጠቃላይ ዕዳ የሚያስሰርዝ የኪሣራ ፍርድ ያገኘ ሰው አዲስ የቤት ብድር ለማግኘት 4 ዓመት ይጠብቃል፤ ቤቱ በዕዳ የተወሰደበት ደግሞ 7 ዓመት። ነገር ግን ችግሩ ከአቅሙ በላይ የሆነ፥ የማይደጋገም፥ ገቢውን በድንገት የቀነሰ ወይም ዕዳውን ያበዛ መሆኑን በማስረጃ ካሳየ፥ 4ቱ ዓመት ወደ 2፥ 7ቱም ዓመት ወደ 3 ሊወርድለት ይችላል። የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ደንብም የቤተ ሰቡን ደመወዝተኛ ሞት ወይም ከባድ ሕመም እንደ በቂ ምክንያት ሲቈጥር፥ ፍቺን ግን በአብዛኛው እንደዚያ አይቈጥረውም። እንግዲህ አንድ እውነተኛ ደብዳቤ ከነማስረጃው የአንድን ቤተ ሰብ የአራት ዓመት የኪራይ ኑሮ ሊያሳጥር ይችላል ማለት ነው።

መዝገቡ የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ማብራሪያ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ስሕተቱን በሕጉ መንገድ ማሳረም ይቀድማል። ሳያበድሩት የተበደረ፥ የከፈለውን ያልከፈለ ተብሎ የተጻፈበት ሰው ይቅርታ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ብልህ ሰው ከማመልከቱ በፊት፥ ከ2003 ዓ.ም. ሕግ ወዲህ በየዓመቱ ያለ ዋጋ እንዲያገኘው የተፈቀደለትን መዝገቡን አስመጥቶ ያነበዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሸት ከመጻፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሕግ ብድር ለማግኘት ሲል አውቆ ለባንክ ሐሰት የተናገረ ሰው እስከ 30 ዓመት እሥራትና እስከ አንድ ሚልዮን ዶላር መቀጫ ሊደርስበት ይችላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፥ ያልዘገየው ክፍያም ሆነ የተፈጠረው ሕመም ኋላ መታወቁ አይቀርም።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን፥ በሜሪላንድ፥ በቨርጂንያና በሌሎችም የአሜሪካ ክፍሎች የሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችን ቤት ለመግዛት ሲያመለክቱ ይህ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። የአንዳንዶቹ ችግር መጥፎ ታሪክ መኖሩ ሳይሆን፥ ከቶ ታሪክ አለመኖሩ ነው፤ በአገሩ ልማድ «ክሬዲት» የሚባለው መዝገብ ለአዲስ መጤ ባዶ ነውና። ለእንዲህ ያለው ሰው የቤት ኪራይና የመብራት ሒሳብ በጊዜው እንደ ከፈለ የሚያሳዩ ደረሰኞች በመዝገብ ፈንታ ሊቀርቡለት የሚችሉበት ደንብ አለ። ሌላው ጉዳይ እቁብ ነው። እቁብ የደረሰው ሰው ብዙ ገንዘብ ባንድ ቀን ወደ ባንክ ሲያስገባ፥ አበዳሪው ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ በጽሕፈት እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል። እቁብ ለእኛ በመተማመን የሚጣል የታወቀ ነገር ቢሆንም፥ ሹሙ ስሙን እንኳ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የእቁብ አባሎች የሚጥሉትንና የሚወጣውን ዕጣ በጽሑፍ ቢይዙ፥ ገንዘቡንም በባንክ በኩል ቢያስተላልፉ፥ በሚያስፈልግ ቀን ማስረጃ አያጡም።

በአገራችንም ቢሆን ዘመኑ ወደዚያው እየሄደ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ስለ ብድር መረጃ ማዕከል መመሪያ አውጥቷል፤ ባንኮችም ከማበደራቸው በፊት የተበዳሪውን ያለፈ ታሪክ ከዚያ ይመለከታሉ። ዋስና ሽማግሌ የነበሩበት ቦታ ቀስ በቀስ ለመዝገብ እየተለቀቀ ሲሄድ፥ ሌሎች አገሮች ያለፉበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅመናል።

ክቡራንና ክቡራት፤

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንረዳው ዋና ነገር ይህ ነው። መዝገብ መያዝ ተገቢ ነው፤ ያለ መዝገብ የማይተዋወቁ ሰዎች ሊበዳደሩ አይችሉም። ነገር ግን ባለ ዕዳው የማይናገርበት መዝገብ ግማሽ እውነት ነው። አበዳሪው ሳይሰማ የከለከለበት ዘመን ብዙ ንጹሓንን ጐዳ፤ ሳይጠይቅ የሰጠበትም ዘመን አበዳሪንም ተበዳሪንም ባንድነት ጣለ። የሁለቱ መካከለኛ መንገድ መጠየቅና መስማት ነው። እንግዲህ አበዳሪ የሆነ ሁሉ በቍጥሩ በስተኋላ ያለውን ሰው ለመስማት ጥቂት ጊዜ ይስጥ፤ ተበዳሪም የሆነ ሁሉ ዕዳውን የከፈለበትን ደረሰኝና ችግሩ የደረሰበትን ወረቀት አክብሮ ያስቀምጥ፤ ሲጠየቅም ሳያፍርና ሳይጨምር የሆነውን ይናገር። ቤት የሚቆመው በድንጋይና በእንጨት ብቻ አይደለም፤ በታመነ ቃልም ጭምር ነው።